ያረጀ ባትሪ ከፊልቱ ወዴት ይሂድ?

ከብት ጨው ይወዳል። በኢትዮጵያ ደቡባዊ ቆላ፣ ከያቤሎ እስከ ፊልቱ ያለ አርብቶ አደር ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ አቅራቢያ ኤል ሶድ የሚባል የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አለ። ወንዶች ገደሉን ወርደው፣ ከጥቁሩ ሐይቅ ሥር ጠልቀው የሚያወጡት የጨው ጭቃ በአህያ ተጭኖ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም ለከብት ይቀርባል። ዝናብ ሲቀር፣ ሣሩ ሲያልቅና ጨው የሚገዛበት ገንዘብ ሲጠፋ ግን እንስሳቱ ራሳቸው ፍለጋ ይወጣሉ። አጥንት ይቆረጥማሉ፣ አፈር ይልሳሉ፣ በመንደሩ ዳር የተጣለውን ሁሉ ይቀምሳሉ። ዛሬ በመንደሩ ዳር ከሚጣሉት ነገሮች አንዱ የሞተ የሶላር ባትሪ ነው።

የእርሳስ መመረዝ በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ በመላው ዓለም የታወቀ ችግር ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቃው የቀንድ ከብት ነው። ዋነኛው መንስኤም የተሰበረ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሰነጠቅ በውስጡ ያለው የእርሳስ ውሁድ ጣዕም ስላለው ከብቱ መላልሶ ይልሰዋል። ከዚያ በኋላ ላሟ ዓይኗ ይጠፋል፤ በአንድ ቦታ ትዞራለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ግንባሯን ከዛፍ ወይም ከአጥር ጋር ትገፋለች። ምልክቱ የእብድ ውሻ በሽታ ወይም ሌላ የአንጎል ሕመም ሊመስል ስለሚችል፣ ባለቤቱ ከብቱን ቀብሮ ባትሪውን እዚያው ሊተወው ይችላል። ከሞት የተረፈች ላም ደግሞ እርሳሱን በወተቷ ታሳልፋለች። ልጅ በወተት በሚያድግበት አገር ይህን አቅልሎ ማየት አይቻልም።

ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው አሮጌ ኮምፒውተር የተከመረበትን የአዲስ አበባ ቢሮ ነው። በቆላው ከተሞች ግን ጉዳዩ መልኩ ሌላ ነው። መነሻውም ከሶላር ጋር የተያያዘ ነው።

ፊልቱ በሶማሌ ክልል የሊበን ዞን ዋና ከተማ ናት። በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ሰፊ ቆላ፣ ከነጌሌ ቦረና ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቆ በሚኖር የአርብቶ አደር መንደር የፀሐይ ብርሃን ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ኩራዝ ጠፍቷል፤ ስልክ ለማስሞላት ግማሽ ቀን መጓዝ ቀርቷል፤ አዋላጇ በሌሊት በባትሪ ብርሃን ከመሥራት ድናለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከሶማሊያ ለመጡ ስደተኞች በዶሎ አዶ አካባቢ አምስት መጠለያዎች ሲከፈቱ፣ ማለትም ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ፣ የሶላር ዕቃ በዚሁ መንገድ በብዛት መውረድ ጀመረ። የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ በጎ አድራጎት ድርጅት የሆነው ኢኬአ ፋውንዴሽን ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጋር ሆኖ ለመጠለያዎቹ የእጅ ፋኖስና የመንገድ መብራት አቅርቧል፤ በኋላም ስደተኞችና የአካባቢው ነዋሪዎች በጋራ የሚሠሩባቸው የኃይል ማኅበራት እንዲቋቋሙ ረድቷል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ማንም ወደ ኩራዝ እንዲመለስ አይፈለግም። ችግሩ የሶላር ሰሌዳው ሃያ ዓመት ሊያገለግል ሲችል ባትሪው ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ መሞቱ ነው። ተራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሙቀት አይችልም፤ የአካባቢው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ደጋ ላይ አራት ዓመት የሚያገለግለው ባትሪ በፊልቱ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ፣ ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የባትሪ ብክነቱ፣ መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት በሞቃቱ ጠረፍ፣ የሚከፋውም ከዚህ የተነሳ ነው።

አንድ የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሰልፈሪክ አሲድና ፕላስቲክ ነው። እርሳሱ ዋጋ አለው፤ ቀልጦ እንደገና ባትሪ ይሆናል፣ ይህንንም ደጋግሞ ማድረግ ይቻላል። በትክክል ከተያዘ ከማናቸውም የቤት ዕቃ በተሻለ ወደ ጥቅም የሚመለሰው ባትሪ ነው። ሰውን የሚገድለውም ይኸው ዋጋው ነው፤ ዋጋ ስላለው ሰው በጓሮው ሰብሮ ያቀልጠዋል።

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር የምትባል ሰፈር አለች። እዚያ ለዓመታት የባትሪ እርሳስ ሲቀለጥ ኖሮ አፈሩ በእርሳስ ተሞልቶ ነበር። የእርሳስ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ የሰፈሩ ሴቶች አፈሩን እየቆፈሩ፣ በቤታቸው እየነፉና እያበጠሩ ቅንጣቱን መሸጥ ያዙ። ልጆቻቸውን አዝለው ነበር የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። መጀመሪያ ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም፤ የተረፉት ልጆችና እናቶቻቸው ደም ሲመረመር ግን የተገኘው የእርሳስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ለፊልቱ ይበልጥ ይቀርባል፤ የሆነው በጎረቤት ኬንያ፣ በሞምባሳ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል ሰፈር ነው። ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ የባትሪ እርሳስ ማቅለጫ ተከፈተ። ፊሊስ ኦሚዶ የተባለች ወጣት እናት እዚያ ሥራ ያዘች። ብዙም ሳይቆይ ሕፃን ልጇ ታመመ፤ ሐኪሞች ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ብለው ሞከሩ፤ በመጨረሻ በደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ ከእናቱ ጡት ወተት ጋር እንደገባም ታመነ። ኦሚዶ ሥራዋን ትታ ሰፈሩን አስተባበረች፣ ታሰረች፣ ተዛተባት፣ አልተመለሰችም። ማቅለጫው እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘጋ፤ በ2015 ጎልድማን የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣት። በ2020 የሞምባሳ ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ፤ ከዚያም ጉዳዩ በይግባኝ ዓመታት ፈጀ። ካሣ ቢከፈልም በልጆቹ አእምሮ ላይ የደረሰው ጉዳት አይመለስም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት የሌለው መጠን የሚባል እንደማይታወቅ ይናገራል። ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ወደ ደማቸው ያስገባሉ። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ማለት ነው፣ በደማቸው ውስጥ አሳሳቢ የእርሳስ መጠን እንዳለ አስታውቋል፤ ከዋና ምንጮቹ አንዱ ያለ ሥርዓት የሚቀልጥ ባትሪ መሆኑንም ጠቅሷል። ጉዳቱ መጀመሪያ ላይ በዓይን አይታይም። ልጁ ትምህርት ይከብደዋል፣ ትኩረት ያጣል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ደም ያንሰዋል፤ ወላጅ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

ከባትሪው አልፎ ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ ሌላም አለ። አሮጌው ባለ ትልቅ ሆዱ ቴሌቪዥን በመስታወቱ ውስጥ ከ1 ኪሎ በላይ እርሳስ ይዟል፤ ካልተሰበረ ማንንም አይጎዳም፣ ሲሰበር ግን ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ መብራት ኃይል በሚሊዮኖች አድርጎ ያደለው ቆጣቢ አምፖል በውስጡ ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ አለው። የባትሪ ድንጋይ በየሜዳው ይጣላል፤ በገጠር ትምህርት ቤቶች ድንጋዩን ሰባብሮ ጥቁሩን ዱቄት ሰሌዳ መቀባት የኖረ ልማድ ነው፤ ያ ዱቄት ማንጋኒዝ አለበት፣ ልጆች በእጃቸው ሊያቦኩት አይገባም። የኤሌክትሪክ ገመድ መዳቡን ለማውጣት ሲቃጠል ደግሞ ከላስቲኩ የሚወጣው ጭስ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይሸከማል። ዳይኦክሲን በስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ጭሱ ያረፈበትን ሣር የበላች ግመል ወይም ፍየል በወተቷ ታወጣዋለች።

ሞባይል ስልክ የተለየ ጉዳይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ከ2022 ጀምሮ ገበያው ውስጥ አለ። ስልክ በቆላው ከተማ ቶሎ አይጣልም፤ ጠጋኙ ከሞተው ስልክ ስክሪኑን፣ ካሜራውን፣ የቻርጀር መሰኪያውን ነቅሎ ሌላውን ያድንበታል። ይህ ሰው መከበር አለበት፤ የዕቃን ዕድሜ ማራዘም ከማቅለጥም ከመቅበርም ይበልጣልና ለአካባቢው ትልቅ አገልግሎት እየሰጠ ነው። ከእሱ እጅ የሚተርፈው ሁለት ነገር ነው፤ ያበጠው የሊቲየም ባትሪና ባዶው ቦርድ። ያበጠው ባትሪ ሲወጋ ወይም ፀሐይ ላይ ሲቆይ በእሳት ሊነሳ ይችላል። ቦርዱ ደግሞ ወርቅ አለው።

ስለ ወርቅ ለዚህ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ነጌሌ የሚወርደው መኪና የሚያልፈው በአዶላ፣ በሌላ ስሟ በክብረ መንግሥት፣ በኩል ነው፤ ከአገሪቱ ትልልቅ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች አንዱ የሆነው ለገ ደምቢም ሻኪሶ አጠገብ ነው። በማዕድን ማውጫ ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ወርቅ ጥቂት ግራም ነው፤ ባትሪያቸው ከወጣ የአንድ ቶን ሞባይሎች ክምር ግን እስከ 300 ግራም ሊያስገኝ ይችላል። ነገር ግን ያን ወርቅ በጓሮ በአሲድ ማውጣት የሚያስከትለው ጉዳት ከትርፉ ይበልጣል። የአካባቢው የጉጂ ሕዝብ ወርቅ ያለ ጥንቃቄ ሲወጣ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፤ ነዋሪዎች በጤናችን ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው ባነሱት ተቃውሞ የለገ ደምቢ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2018 ታግዶ ነበር፤ ሥራው እንደገና የጀመረው በ2021 ነው። ቦርድ በሺዎች ተሰብስቦ ጭሱን አጣርቶ ወደሚያቀልጥ ትልቅ ፋብሪካ ካልሄደ ወርቁን በደኅና ማግኘት አይቻልም። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ከአውሮፓና ከሩቅ ምሥራቅ ውጭም ብዙ አይገኙም።

እንግዲህ አገሪቱ ምን አላት? ሕግ አላት። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የእያንዳንዱ ቤተሰብ ኃላፊ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው ለይቶ ወደ ተመደበለት መሰብሰቢያ እንዲወስድ አዝዞ ነበር። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 425/2010 የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን ራሱን የቻለ ጉዳይ አድርጎ ደንግጓል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 የባዝል ስምምነት አባል ሆናለች፤ በዚህ ስምምነት መሠረት የሁለቱ አገሮች መንግሥታት በጽሑፍ ሳይስማሙ የሞተ ባትሪን በሞያሌ ወይም በዶሎ አዶ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው።

አንድ ማዕከልም አለ። በአዲስ አበባ አቃቂ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመ የማፈራረሻ ማዕከል አሮጌ ኮምፒውተሮችን በእጅ እየፈታ ብረቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ገመዱንና ቦርዱን ይለያል። የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩት ከአገር ውስጡ ድርጅት ፓን ኢትዮጵያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል፤ ብዙው አሮጌ ዕቃ የተጣለ ሳይሆን በየቤቱና በየቢሮው መጋዘን ተቆልፎበት የተቀመጠ ነው። ባለቤቱ ዕቃው ዋጋ እንዳለው ያምናል፤ የመንግሥት ቢሮም ንብረት ለማስወገድ ፊርማና ኮሚቴ ይጠይቃል። ይህ በአንድ በኩል ጥሩ ዜና ነው። ያልተቃጠለና ያልተሰበረ ዕቃ ገና ሊሰበሰብ ይችላል።

በአዲስ አበባ ሰብሳቢው በየበሩ ይመጣል። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው፣ አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ የሚሰጠው የልዋጭ ነጋዴ፣ የመርካቶው ምናለሽ ተራ፣ እነዚህ ሁሉ ማንም ያላስተማራቸው የመልሶ መጠቀም ባለሙያዎች ናቸው። ብረት ከእጃቸው አያልፍም። የሚያስፈልጋቸው መርዛማውን ከጤነኛው የሚለዩበት ዕውቀት፣ ጓንትና ባትሪውን ሳይሰብሩት በደህና ዋጋ የሚረከባቸው ሕጋዊ ገዢ ነው።

ነጌሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ፊልቱ ደግሞ ከዚያም አልፋ ትገኛለች። አንድ ቤተሰብ ያረጀ ባትሪውን ተሸክሞ አቃቂ አይሄድም። ስለዚህ የቆላው ከተማ ጥያቄ ከማቅለጥ ይልቅ ስለ ማጠራቀምና ስለ መጫን ነው። ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ይህን በተለያየ መንገድ ሞክረውታል። ናይሮቢ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ከሚያድስ ድርጅት የወጣ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ይሠራል። ሩዋንዳ በቡጌሴራ ትልቅ ማፈራረሻ ከፍታ በየወረዳው መቀበያ ቦታ አበጅታለታለች፤ የጠረፉ ሰው ዕቃውን የሚያስረክበው በቅርቡ ነው፣ ወደ ማዕከሉ ማጓጓዙ የማዕከሉ ሥራ ነው። ይህ አሠራር ለፊልቱ በቀላሉ ይስማማል። በዓለም ደረጃ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሥርዓት መሰብሰቡ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው፤ በአፍሪካ ከ1 በመቶ ያንሳል። ኋላ የቀረችው ፊልቱ ብቻ አይደለችም።

የመጀመሪያው እርምጃ ያለው በሱቁ ነው። አዲስ ባትሪ የሚሸጠው ነጋዴ አሮጌውን ሲቀበል ከዋጋው ቢቀንስ ባለቤቱ ራሱ ያመጣዋል፤ በብዙ አገሮች የመኪና ባትሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ የሚሰበሰበው በዚህ ዘዴ ነው። ነጋዴውም አይጎዳም፤ እርሳሱ ይሸጣል። ሸቀጥ አውርዶ ወደ ነጌሌ የሚመለስ የጭነት መኪና ቦታ ካለው ባትሪው አብሮ ሊጫን ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ አሲዱ መደፋት የለበትም። ከአሲዱ ጋር እርሳስ አብሮ ይወጣል፤ በደረቁ ወቅት አቧራ ይሆናል፣ በዝናብ ወቅት ጎርፉ ወደ ብርካው (ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው) እና ወደ ኩሬው ይወስደዋል። ከዚያ ሰውም ግመልም ይጠጣል።

በቤት ውስጥ ያለው ጥንቃቄም አስቸጋሪ አይደለም። የሞተው ባትሪ ሽቅብ እንደቆመ፣ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ ልጅና ፍየል በማይደርስበት ይቀመጥ። አሲድ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠባል። ያበጠ የስልክ ባትሪ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው አሸዋ በያዘ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ እንኳ አሸዋው ይይዘዋል። ቆጣቢ አምፖል ከተሰበረ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ልጆች ወጥተው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ስብርባሪው በመጥረጊያ ሳይበተን በጠንካራ ወረቀት ተለቅሞ ክዳን ባለው ብልቃጥ ይታሸጋል። የባትሪ ድንጋይም እንዲሁ በአንድ ዕቃ ይጠራቀም። ስልክ ከማስረከብ በፊት ደግሞ ሲምና ሜሞሪው ይውጣ፣ ፎቶና የባንክ መረጃው ይጥፋ።

ሁሉም ዕቃ ግን ወጪውን አይሸፍንም። እርሳስ ይሸጣል፣ ቦርድ ይሸጣል፣ መዳብ ይሸጣል፤ አምፖልን፣ የባትሪ ድንጋይን፣ የቴሌቪዥን መስታወትን የሚገዛ የለም። ሰብሳቢ ማኅበር ቢቋቋም የሚሸጠውን ብቻ ለቅሞ ቀሪውን ጉድጓድ ውስጥ መጣሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ለማይሸጠው ክፍል ማዘጋጃ ቤቱ ጥቂት በጀትና የሚቆለፍ ክፍል ሊመድብለት ይገባል። ወጣቶች በስልክ ጥገናና በሶላር ተከላ በሚሠለጥኑበት ጊዜም የአሮጌ ባትሪ አያያዝ የሥልጠናው አካል መሆን አለበት።

ሥራውን ለመጀመር ደግሞ ቤተሰቦችን መጠበቅ አያስፈልግም። ትልልቆቹ ባትሪዎች ያሉት በተቋማት ግቢ ነው፤ በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት፣ በቴሌ ማማ ሥር፣ በእርዳታ ድርጅቶች መጋዘን። የጤናው ዘርፍ ራሱ መንገዱን ከፍቷል፤ ባትሪያቸው እየሞተ ያስቸገሩትን የድሮ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ትቶ፣ ቅዝቃዜውን በበረዶ እየያዙ ያለ ባትሪ በቀጥታ በፀሐይ ወደሚሠሩት ዞሯል። የሶላር የውኃ ፓምፕም ቀን ቀን ውኃውን ወደ ታንከር እየሞላ ያለ ባትሪ ይሠራል። ወረዳው ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ እነዚህን ቢመርጥ፣ በየግቢው የቆሙትንም አሮጌ ባትሪዎች በአንድ ዝርዝር መዝግቦ በአንድ ጊዜ ንብረት ማስወገጃ ፈቃድ ቢያወጣላቸው፣ ወደ ነጌሌ የሚሄደው የመጀመሪያ ጭነት ከእነሱ ይሞላል።